በኤድንብራ የመናፍስት ጉብኝት፦ ከትኬት ምርጫ እስከ መቃብሩ በር ዝርዝር መመሪያ

ኤድንብራ ሄደው በምሽት የመናፍስት ጉብኝት የገቡ ሰዎች ቅሬታ ብዙም አይለያይም። አንዱ መነሻውን ቦታ ሲፈልግ ቡድኑ ጥሎት ሄዷል። ሌላው ጨለማ ሲጠብቅ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጉብኝቱ አልቆበታል። ሦስተኛው ከኋላ ቆሞ ከስኮትላንዳዊው አስጎብኚ ንግግር አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳን ሳይጨብጥ የሰው ጩኸት ብቻ ሰምቶ ወጥቷል። እነዚህ ሁሉ አስቀድሞ ሊታረሙ የሚችሉ ናቸው። በዚህ ጉብኝት ጣረ ሞት አያሳዩዎትም፤ ታሪክ ነው የሚነግሩዎት። የማይሰሙ ከሆነ የከፈሉበት ነገር አመለጠዎት ማለት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ በሰዓቱ ደርሰው፣ ደህና ቦታ ቆመው፣ የሚነገረውን በሚገባ እንዲሰሙ የሚያዘጋጁ ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ የትኛውን ጉብኝት እንደሚፈልጉ ይለዩ

በከተማዋ "የመናፍስት ጉብኝት" ተብለው የሚሸጡት አንድ ዓይነት አይደሉም። ትኬት ከመግዛትዎ በፊት መግለጫውን እስከ መጨረሻው ያንብቡና ከሚከተሉት የትኛው እንደሆነ ይወስኑ።

የጎዳና ጉብኝት። ከኤድንብራ ቤተ መንግሥት ቁልቁል በሚወርደው ሮያል ማይል እና ከግራ ቀኙ በተሰነጠቁት ጠባብ መተላለፊያዎች ውስጥ በእግር የሚደረግ ነው። ዋጋው ብዙውን ጊዜ ቀለል ይላል፤ ነገር ግን ነፋሱና የመንገዱ ጫጫታ የአስጎብኚውን ድምፅ ይውጡታል።

የድልድይ ሥር ጓዳዎች። ሳውዝ ብሪጅ ከ1785 እስከ 1788 የተገነባ ድልድይ ሲሆን 19 ቅስቶች አሉት። ዛሬ ከውጭ የሚታየው ካውጌት በተባለው መንገድ ላይ ያለው አንዱ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ በሕንፃዎች ተከበዋል። በቅስቶቹ ውስጥ ያሉት የድንጋይ ጓዳዎች መስኮት የላቸውም፣ ይረጥባሉ፣ አንዳንዶቹም በጣም ጠባብ ናቸው።

ሜሪ ኪንግስ ክሎዝ። በ1753 መገንባት በጀመረውና አሁን የከተማው ምክር ቤት በሚገኝበት ሕንፃ ሥር የተቀበሩ የድሮ መንገዶችና ቤቶች ናቸው። መግቢያው ከሴንት ጃይልስ ካቴድራል ፊት ለፊት ነው። ታሪክ ላይ ያተኮረ ስለሆነ ድንጋጤ ለማይፈልግ ሰው ይስማማል።

የመቃብር ስፍራ ጉብኝት። ግሬይፍራያርስ የተባለው የቤተ ክርስቲያን ግቢ በቀን ለማንም ክፍት ነው። በውስጡ ያለው የኮቬናንተሮች (ማንነታቸው ደረጃ 4 ላይ ተገልጿል) እስር ቤት የሚባለው ክፍል ግን በሩ ተቆልፎ የሚኖር ስለሆነ በምሽት የሚገባው ፈቃድ ካለው አስጎብኚ ጋር ነው። ይህን ክፍል ማየት ከፈለጉ ትኬቱ መግቢያውን እንደሚጨምር በግልጽ መጻፉን ያረጋግጡ፤ "ግሬይፍራያርስን እንጎበኛለን" የሚል ሁሉ እዚያ አያስገባም።

አንድ ምሽት ብቻ ላለው ሰው የድልድይ ሥር ጓዳዎችን እመክራለሁ። በድንጋይ ክፍል ውስጥ ድምፅ አይበተንም፤ የስኮትላንድ አነጋገር ላልለመደ ጆሮ ይህ ትልቅ እገዛ ነው። ሁለት ምሽት ካለዎት መቃብሩን ለሁለተኛው ያቆዩት።

ማስጠንቀቂያ፦ አንዳንድ ምሽቶች ከጉብኝት አልፈው መንፈስ ለመጥራትና በመሣሪያ "ለመመርመር" የሚዘጋጁ ናቸው። መናፍስትን መጥራት ከእምነትዎ ጋር የሚጋጭ ከሆነ መግለጫው ላይ ይህን የሚያመለክት ነገር መኖሩን ይፈትሹ፤ ግልጽ ካልሆነ በኢሜይል ይጠይቁ። ምድር ቤት ከገቡ በኋላ "እኔ በዚህ አልሳተፍም" ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ሌሎቹ እስኪጨርሱ በጨለማ መቆም ግድ ይሆናል።

በተጨማሪ እነዚህን ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ፦ የዕድሜ ገደብ (መጠጥን የሚጨምሩ ጉብኝቶች ልጆችን አይቀበሉም)፣ የደረጃው ብዛት፣ ሰው ለማስደንገጥ የሚዘል ተዋናይ መኖር አለመኖሩ። አስም ያለበት፣ ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀው ወይም በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው አብሮ ካለ የጎዳናውን ጉብኝት ይምረጡ፤ እሱም ቢሆን ደረጃ የሌለበት መስመር መሆኑን አስቀድመው ይጠይቁ።

ደረጃ 2፦ ቀኑንና ሰዓቱን በትክክል ይያዙ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብለው ይሂዱበት።

1. ጨለማውን ያስሉ። እኛ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት አካባቢ መምሸት የለመድን ነን። ኤድንብራ እንዲህ አይደለችም። በሰኔ ወር ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው፤ በታኅሣሥ ደግሞ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ትንሽ አለፍ ብሎ ይመሻል። በሰኔና በሐምሌ ከምሽቱ 1 ሰዓት የሚጀምር የጎዳና ወይም የመቃብር ጉብኝት በጠራራ ፀሐይ ይጠናቀቃል። በበጋቸው ወራት ከሄዱ የመጨረሻውን የምሽት ሰዓት ወይም የምድር ውስጡን ይያዙ። ከጥቅምት እስከ የካቲት የትኛውም የምሽት ሰዓት ይጨልማል።

2. ሰዓቱን ወደ እኛ አቆጣጠር ሲቀይሩ ሁለቱንም ይጻፉ። ትኬቱ ላይ 19:00 ካለ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ለዘመድ ወይም ለጓደኛ "በ7 ሰዓት እንገናኝ" ብለው በአማርኛ ከጻፉ እሱ ከቀኑ 7 ሰዓት መጥቶ ስድስት ሰዓት ይጠብቃል። መልእክቱ ላይ "19:00፣ ማለትም ከምሽቱ 1 ሰዓት" ብለው ይጻፉ፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን የትኬቱን ፎቶ መላክ ነው።

3. የቀኑን አጻጻፍ ያስተውሉ። በብሪታንያ ቀን ይቀድማል፣ ወር ይከተላል። 05/11 ማለት ኖቬምበር 5 ነው። ከአሜሪካ ሆነው የሚይዙ ሰዎች ሜይ 11 ብለው ያነቡታል፤ ትኬት ላይ ይህ ስሕተት ከተፈጠረ ገንዘቡ ብዙውን ጊዜ አይመለስም።

4. የሰዓት ለውጡን አይርሱ። በጥቅምት አጋማሽ ላይ በሚውለው የኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በማርች የመጨረሻ እሑድ ወደ ፊት ይሄዳል። የኦክቶበሩ ለውጥ የሃሎዊን በዓል ሰሞን ላይ ስለሚወድቅና በዚያ ሰሞን የመናፍስት ጉብኝት ፈላጊ ስለሚበዛ የእጅ ሰዓት የሚያደርግ ሰው በተለይ ይጠንቀቅ።

ኦገስትን ከቻሉ ይለፉት። በዚያ ወር ታላቁ የኪነ ጥበብ ፌስቲቫል ስላለ ሮያል ማይል በሰው ይሞላል፣ የመኝታ ዋጋ ይወደዳል፣ ከአስጎብኚው ጋር ጎን ለጎን መሄድም ይቸግራል።

ደረጃ 3፦ ትኬቱን ይግዙ

ከአዘጋጁ ድርጅት ድረ ገጽ በቀጥታ ይግዙ። ከመክፈልዎ በፊት የስረዛ ደንቡን ያንብቡ። ትኬቱን በስልክዎ ላይ ፎቶ አድርገው ያስቀምጡ፤ ምድር ውስጥ የስልክ ኔትወርክ አይታመንም።

ነፃ ተብለው የሚተዋወቁ ጉብኝቶች አሉ። በእነዚህ ላይ አስጎብኚው የሚያገኘው በመጨረሻ የሚሰጠውን ጉርሻ ነው። ምንም ሳይሰጡ መሄድ ነውር ነውና ገንዘብ ይዘው ይግቡ።

ከሌላ አገር የሚመጡ ከሆነ ይህን ያስታውሱ፦ ስኮትላንድ የምትገባበት ፈቃድ የብሪታንያ ነው። የሸንገን ቪዛ አያገለግልም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የብሪታንያ የጎብኚ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ደግሞ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ የኤሌክትሮኒክስ የጉዞ ፈቃድ አስቀድሞ ማውጣት አለበት። ትኬቱን ከቪዛው በኋላ ይግዙ።

ደረጃ 4፦ ጆሮዎን ያዘጋጁ

በእንግሊዝኛ ጥሩ የሆነ ሰው እንኳን ጨለማ ውስጥ በስኮትላንድ አነጋገር በፍጥነት የሚነገር ታሪክ ያመልጠዋል። መፍትሔው ስሞቹን አስቀድሞ ማወቅ ነው። ስሙን ካወቁት ቀሪው ዓረፍተ ነገር ራሱ ይገባዎታል። ከመሄድዎ በፊት ባለው ምሽት እነዚህን ይዘርዝሩና ጮክ ብለው ያንብቡ።

የ1645 ቸነፈር። ከተማዋን ያጠቃ ወረርሽኝ ነው። በሜሪ ኪንግስ ክሎዝ የሚነገረው አብዛኛው ታሪክ ከዚህ ጋር ይያያዛል። ሜሪ ኪንግ ራሷ በ1630ዎቹ በዚያ የኖረች ነጋዴ ነበረች።

ኮቬናንተሮች። በ1638 ንጉሡ በቤተ ክርስቲያናቸው አስተዳደር እንዳይገባ ቃል ኪዳን የፈረሙ ክርስቲያኖችና ተከታዮቻቸው ናቸው። በ1679 በቦዝዌል ብሪጅ ጦርነት ከተሸነፉ በኋላ 1,200 ገደማ የሚሆኑ እስረኞች ግሬይፍራያርስ አጠገብ ባለ ሜዳ ላይ ተይዘው ለወራት ውጭ አደሩ። በመቃብሩ ላይ የሚነገረውን በቁም ነገር ይስሙ፤ ሰዎቹ በእምነታቸው ምክንያት የተሠቃዩ ናቸው።

ጆርጅ ማኬንዚ። ኮቬናንተሮችን በፍርድ ቤት ያሳደደ የመንግሥት ጠበቃ ሲሆን በ1691 ሞቶ የተቀበረው እዚያው ግሬይፍራያርስ ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ጎብኚዎች በእስር ቤቱ ክፍል ቧጨሩን፣ ደከመን፣ ወደቅን ሲሉ አስጎብኚዎቹ የሚያያይዙት ከእሱ ጋር ነው።

በርክና ሄር። መቃብር ቆፍረው ሬሳ የሚሰርቁ አልነበሩም፤ ይህን ብዙ ሰው ያደባልቀዋል። በ1828 ኤድንብራ ውስጥ 16 ሰዎችን ገድለው ሬሳውን ሮበርት ኖክስ ለተባለ የአናቶሚ መምህር ሸጡ። ሄር በጓደኛው ላይ መስክሮ ሲያመልጥ በርክ በጃንዋሪ 1829 በሎንማርኬት ተሰቀለ። እውነተኞቹ ሬሳ ሌቦች ሌሎች ነበሩ፤ ግሬይፍራያርስ ውስጥ የብረት ፍርግርግ የተደፋባቸው መቃብሮች የሚታዩት እነሱን ለመከላከል ነው።

ጥቂት ቃላትም ይያዙ፦ "ኪርክ" ቤተ ክርስቲያን፣ "ክሎዝ" ጠባብ መተላለፊያ፣ "ዊ" ትንሽ፣ "ኬን" ማወቅ ነው። "አይ" ደግሞ አዎ ማለት ነው። አስጎብኚው ወደ ጨለማው ክፍል ቀድሞ ለመግባት ፈቃደኛ የሆነ ሰው ሲጠይቅ በአማርኛ ልማድ "አይ" ብለው ከመለሱ ፊት ይሰለፋሉ።

ደረጃ 5፦ ልብስ፣ ጫማ፣ ምግብ

የአሮጌው ከተማ መንገድ በድንጋይ የተነጠፈ ነው፤ እንደ እኛ ኮብልስቶን፣ ሲዘንብበት ያንሸራትታል። ሶሉ የሚይዝ የተዘጋ ጫማ ያድርጉ። ረጅም ተረከዝ ያለው ጫማ በጓዳዎቹ ወለል ላይ አደገኛ ነው።

ባርኔጣ ያለው የዝናብ ጃኬት ይልበሱ፤ ጥላ ይተዉት። ነፋሱ ይገለብጠዋል፣ በጠባቡ መተላለፊያም የሌላውን ሰው ዓይን ይወጋል። በበጋም ቢሆን ምድር ውስጥ ስለሚቀዘቅዝ ሹራብ ይያዙ። ነጠላ ወይም ረጅም ሻርፕ የሚለብሱ ከሆነ ጫፉን ያስገቡት፤ በጨለማ ደረጃ ላይ ከኋላ ያለው ሰው ይረግጠዋል።

በባዶ ሆድ አይግቡ። በታፈነ እርጥብ ክፍል ውስጥ ቆሞ ማዞር የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከረሃብና ከድካም ነው፤ እዚያ ግን ሰው መንፈስ ነካኝ ይላል። የጾም ወቅት ከሆነ ከጾም መፍቻው በኋላ የሚነሳውን ጉብኝት ይያዙ። ሻንጣ፣ ትልቅ ቦርሳና የሕፃን ጋሪ ሆቴል ይተዉ።

ደረጃ 6፦ መነሻው ቦታ ይድረሱ

በዚህች ከተማ የስልክ ካርታ የሚያሳስተው ከተማዋ በሁለት ፎቅ የተሠራች ስለሆነች ነው። ሳውዝ ብሪጅና ጆርጅ አራተኛ ብሪጅ ከላይ ያልፋሉ፣ ካውጌት ከሥራቸው ያልፋል። ካርታው ላይ የሚቆራረጡ ይመስላሉ፤ በእውነቱ ግን አንዱ ከሌላው ብዙ ሜትር ከፍ ብሎ ያልፋል። ሰማያዊው ነጥብ "ደርሰዋል" እያለ እርስዎ ድልድዩ ላይ ቆመው ቡድኑ ከሥርዎ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ፦

1. በዚያው ቀን ከምሽቱ በፊት መነሻውን በብርሃን ሄደው ይዩት።
2. ትኬቱ ላይ ያለውን የመንገድ ስም ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው ጽሑፍ ጋር ያመሳክሩ። ነጥቡን ብቻ አይመኑ።
3. ከላይ ሆነው ታች መውረድ ካለብዎ ደረጃ ያለበትን መተላለፊያ ይፈልጉ ወይም ባለሱቅ ይጠይቁ።
4. ከሰዓቱ 15 ደቂቃ ቀድመው ይድረሱ።

ከለንደን በባቡር የሚመጣ ሰው ዌቨርሊ ጣቢያ ይወርዳል። ከዚያ በኮክበርን ስትሪት ሽቅብ ወጥቶ ሮያል ማይል ይደርሳል። ብዙ ጉብኝቶች የሚነሱበት መርካት ክሮስ የተባለው የድንጋይ ሐውልት ከሴንት ጃይልስ ካቴድራል በስተ ምሥራቅ ቆሟል። የመቃብር ጉብኝት ከሆነና መገናኛው የግሬይፍራያርስ ቦቢ ሐውልት ነው ከተባለ የትንሹን ውሻ ሐውልት በጆርጅ አራተኛ ብሪጅና በካንድልሜከር ሮው መገናኛ ላይ ይፈልጉ።

አደባባዩ ላይ ጥቁር ካባ የለበሱ አስጎብኚዎች በርከት ብለው ሊቆሙ ይችላሉ። ካባውን አይተው አይከተሉ። የድርጅቱን ስም ጠይቀው፣ ስምዎ በዝርዝሩ ላይ መኖሩን አረጋግጠው ይቁሙ።

ደረጃ 7፦ በጉብኝቱ ላይ

ከአስጎብኚው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ይሁኑ። የፊተኛው ረድፍ ላይ ያለ ሰው ለትርኢት ይጠራል፤ ከኋላ ያለው አይሰማም፣ ቢደነግጥም የሚያየው የለም። ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ሲሄዱ ፎቶ ለማንሳት አይቁሙ። ንግግሩ የሚጀምረው አስጎብኚው እንደቆመ ስለሆነ ዘግይቶ የደረሰ ሰው ስሙንና ዓመተ ምሕረቱን ያጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ትርጉም አይሰጠውም።

እንግሊዝኛ የማይሰማ ሰው ይዘው ከሄዱ በሹክሹክታ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር አይተርጉሙ። ለሌሎች ይረብሻል፣ እርስዎም ይጠፋብዎታል። ታሪኩን ከመሄድዎ በፊት በአማርኛ ይንገሩት፤ ቀሪውን በእግር ሲሄዱ ያሟሉለት።

ምድር ውስጥ። ሲገቡ ጎንበስ ይበሉ፣ መተላለፊያዎቹ ዝቅ ያሉ ናቸው። መነጽርዎ በጉም ቢሸፈን ቆመው ይጥረጉት፤ እየሄዱ አይጥረጉ። የስልክ መብራት አያብሩ፤ የሁሉንም ዓይን ያሳውራል። ፎቶ የተከለከለበት ቦታ አለና ስልክ ከማንሳትዎ በፊት ይጠይቁ። በሜሪ ኪንግስ ክሎዝ ጎብኚዎች ለአንዲት ሕፃን መንፈስ ብለው የተዉዋቸው አሻንጉሊቶች አሉ፤ ምንም አይንኩ፣ ምንም አይውሰዱ።

በመቃብሩ። ግሬይፍራያርስ ዛሬም አገልግሎት የሚሰጥ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። መቃብር ላይ አይቀመጡ፣ የተጋደመ ድንጋይ አይርገጡ፣ በሮችን ለመክፈት አይሞክሩ። ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2003 ሁለት ወጣቶች ከማኬንዚ የመቃብር ቤት የራስ ቅል አውጥተው ተጫውተውበት መቃብርን በመድፈር ወንጀል ተከሰው ተፈርዶባቸዋል።

ደረጃ 8፦ ነገሩ ሲበላሽ

ቡድኑ ጥሎዎት ከሄደ፦ ጨለማ ውስጥ አያሳድዱ። መነሻው ላይ ቆመው ትኬቱ ላይ ባለው ስልክ ይደውሉ። የጎዳና ጉብኝት ከሆነ ቀጣዩን ማቆሚያ ይነግሩዎታል። የምድር ውስጥ ከሆነ በሩ ስለሚቆለፍ መቀላቀል አይቻልም፤ በትሕትና ወደሚቀጥለው ሰዓት እንዲያዛውሩዎት ይጠይቁ። ግዴታ ባይኖርባቸውም ቦታ ካለ ይተባበራሉ።

ምድር ውስጥ ጭንቀት ከያዘዎት፦ ወዲያውኑ ለአስጎብኚው ይንገሩ። ማፈር አያስፈልግም፣ የለመዱት ነገር ነው። መውጫ ፍለጋ ብቻዎን አይሂዱ፤ ጓዳዎቹ እርስ በርስ የሚገናኙ ስለሆኑ ይጠፋሉ። እስኪያወጡዎት ጀርባዎን ወደ ግድግዳ ሰጥተው በአፍንጫ ያስገቡ፣ በአፍ ቀስ ብለው ያስወጡ።

ብርድ ወይም የሰው መኖር ከተሰማዎት፦ አይሩጡ። ሪቻርድ ዋይዝማን የተባለ እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እነዚህን ጓዳዎች አጥንቶ ውጤቱን በ2003 አሳትሟል። እንግዳ ስሜት የሚበዛው በተወሰኑ ክፍሎች ውስጥ መሆኑንና ይህም እንደ ብርሃን መጠንና የክፍሉ ስፋት ካሉ ነገሮች ጋር የሚያያዝ መሆኑን አግኝተዋል። የሚያምኑበትን ጸሎት በልብዎ መድገም ማንንም አይረብሽም። እግርዎ ግን ከቡድኑ አይለይ።

ልጅ ካለቀሰ፦ "ምንም የለም" እያሉ አያስቀጥሉት። ይዘውት ይውጡ። ሁለት ወላጅ ካለ አንዱ አብሮት እንዲወጣ አስቀድመው ይስማሙ።

ሰው ወድቆ ከተጎዳ፦ አስጎብኚው እርዳታ እስኪጠራ አያንቀሳቅሱት። ውጭ ከሆናችሁና አስጎብኚው ከራቀ 999 ይደውሉ፤ 112ም ይሠራል። የድልድዩን ወይም የመተላለፊያውን ስም ይንገሩ፣ ላይ ይሁኑ ታች ግልጽ ያድርጉ።

ደረጃ 9፦ ከጨረሱ በኋላ

መጀመሪያ ቡድንዎን ይቁጠሩ። ጓዳው ውስጥ የቀረ ዕቃ ካለ አስጎብኚው ሳይሄድ ይናገሩ፤ በሩ ከተቆለፈ እስከ ነገ መጠበቅ ይሆናል። ጥያቄ ካለዎት አሁን ይጠይቁ። "ከነገሩን ውስጥ በሰነድ የተረጋገጠው የቱ ነው?" የሚለው ከሁሉ የሚሻል ጥያቄ ነው። ጥሩ አስጎብኚ ሳይቆጣ ለይቶ ይነግርዎታል።

ወደ ማደሪያዎ በካውጌት ወይም በግራስማርኬት በኩል የሚያልፉ ከሆነ ምሽቱ ሲገፋ ጠጪ ይበዛልና ብርሃን ባለበት ዋና መንገድ ይሂዱ።

በማግሥቱ ግሬይፍራያርስ አጠገብ ወዳለው የስኮትላንድ ብሔራዊ ሙዚየም ይግቡ፤ መግቢያው ነፃ ነው። በ1836 አርተርስ ሲት በተባለው ኮረብታ ዋሻ ውስጥ የተገኙትን ትንንሽ የሬሳ ሣጥኖች ይጠይቁ። ሲገኙ 17 ነበሩ፤ የቀሩት 8 እዚያ አሉ። ማን እንደሠራቸውና ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ጊዜ ካለዎት በፕሪንሰስ ስትሪት ምዕራባዊ ጫፍ ላይ ወዳለው የሴንት ጆን ቤተ ክርስቲያንም ይሂዱ። በ1868 ከመቅደላ የተወሰደው ታቦት በ2001 የተገኘው በዚህ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር፤ በ2002 ወደ አገሩ ተመልሶ አዲስ አበባ ላይ ታላቅ ሕዝብ ተቀብሎታል። ለኢትዮጵያዊ ጎብኚ ይህ ቦታ ከየትኛውም ጓዳ በላይ መታየት ያለበት ይመስለኛል።

በመጨረሻም ኪስዎን ይመልከቱ። በመልስ የተሰጡዎት ኖቶች በስኮትላንድ ባንኮች የታተሙ ሊሆኑ ይችላሉ። ሕጋዊ ገንዘብ ቢሆኑም ለንደን ውስጥ አንዳንድ ባለሱቆች አይቀበሏቸውም፤ ከብሪታንያ ውጭ ደግሞ መመንዘሩ ይበልጥ ይከብዳል። ዌቨርሊ ጣቢያ ከመሳፈርዎ በፊት ይጨርሷቸው ወይም ባንክ ገብተው በእንግሊዝ ባንክ ኖት ያስቀይሯቸው።